መኖሩን የሚያውቁ ነበሩ!

ወንድሜን ያገኘሁት ሁለታችንም ከጎለመስን በኋላ፣ በዲኤንኤ ምርመራ ነው። ደስታው እንዳለ ሆኖ አንጀቴ አርሯል። መኖሩን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ! በጉዲፈቻ ፋይሌ ቅጂ ላይ በጥቁር ቀለም የተሸፈነ መስመር አለ። በእሱም ፋይል ላይ አለ።

ከአገር ወደ አገር ስለሚደረግ ጉዲፈቻ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ዓለም አቀፍ የሄግ ስምምነት አንቀጽ 30 የልጁ የትውልድ መረጃ ተጠብቆ ይቀመጥ፣ ልጁም ያግኘው ይላል። ግን የአገሩ ሕግ እስከፈቀደ ድረስ ብቻ። በዚህች ቀዳዳ ስንቱ ሾልኮ ያመልጣል!

የወላጆች ምስጢር ይጠበቅ፣ እሺ። የወንድሜ መኖር ግን የማን ምስጢር ነው? እኔና እሱ የፈረምነው ነገር የለም።

"ዋናው መገናኘታችሁ ነው" ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። ሲያስብ ልክ እንደኔ አውራ ጣቱን መዳፉ ውስጥ ይደብቃል፤ ሳየው ልቤ ይርዳል። የልጅነት ወሬ ሲነሳ ግን እንደ እንግዳ እንተያያለን። አሳዳጊዎቻችን ደጎች ናቸው፣ በእነሱ ቅሬታ የለኝም። ያን ሁሉ ዓመት ግን ማን ይመልስልናል? ዛሬም ወንድምና እህትን ለያይታችሁ የምትሰጡ፣ ቢያንስ አንዱ ሌላው መኖሩን ይወቅ እንጂ!