ቅሬ የማያጓድል ሰው መድኑን ለምን ይተዋል?

የደሴ ሰዎች፣ የኮምቦልቻ ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ይቆረቁራል። ቅር እንዳትሰኙብኝ።

የቅሬ፣ የእድራችንን መዋጮ የሚያጓድል ማን አለ? ተበድረንም ቢሆን እንከፍላለን። ነገ ማን ይቀብረኛል ብለን እንፈራለንና። የጤና መድን ደብተራችን ግን ሳይታደስ ሳጥን ውስጥ ከርሟል። «ዓመቱን ሙሉ አልታመምኩም፣ ብሬ በከንቱ ቀረ» ሲባል እሰማለሁ። ወንድሜ፣ አለመታመምህ ኪሳራ ነው እንዴ? አልሐምዱሊላህ፣ ተመስገን የሚባልበት ነገር እኮ ነው። ብርህ ለጎረቤትህ የደም ግፊት መድኃኒት ሆናለች። ጤነኛው ሸሽቶ በሽተኛው ብቻ ካዋጣ የመድኑ የጋራ ቋት ይደርቃል።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ሲሞከር፣ ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዷ እዚሁ ጎረቤታችን ተሁለደሬ ነበረች።

«ካርዱን ብይዝስ መድኃኒት የለም» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ እኔም ደርሶብኛል። እናቴን ደግፌ ወስጄ፣ የታደሰ ካርድ በእጄ ይዤ፣ «ከውጭ ግዛ» ተብዬ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞሬያለሁ። በዚያ ቀን ተናድጄ ደብተሩን ልጥለው ነበር። በኋላ ግን ነገሩን አሰብኩት። ሆስፒታሉ እኛን ካከመ በኋላ ገንዘቡን የሚቀበለው ከመድኑ ቋት ነው። ቋቱ ካልከፈለው በምን መድኃኒት ይግዛ? ደግሞ ከዜሮ የተነሳ ሆስፒታል መሆኑን አንርሳ። በ2014 ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ፣ የደሴ ሆስፒታል ማሽኑም መድኃኒቱም ተዘርፏል። ጦርነት ባለበት አገር ሁሉ እንዲህ ነው፤ የመንግሥት ካዝና ሲሳሳ ሸክሙ የታማሚው ኪስ ላይ ይወድቃል። በሬውን ሸጦ የሚታከም ገበሬ ድኖ ሲመለስ በምን ያርሳል?

መንግሥትም ዕዳ አለበት። የአፍሪካ መሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. አቡጃ ላይ ከበጀታችን 15 በመቶውን ለጤና እናውላለን ብለው ቃል ገብተዋል። ያንን ቃል እንጠይቅ። ግን ራሳችን ሳናዋጣ በምን አፋችን?

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ያመኛል። መክፈል ለማይችሉ መንግሥት የሚከፍልላቸው ዝርዝር አለ። ሦስት ክፍል እያከራየ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ስሙን ያስገባ ሰው አውቃለሁ። በእሱ ምክንያት አንዲት ባልቴት ቀርታለች። ይህ ሐራም ነው፣ ኃጢአትም ነው። አይቶ ዝም ያለውም ተጠያቂ ነው።

ፒያሳ ላይ መኪና ሞንታርቦ ጭኖ፣ የታመመ ልጅ ፎቶ ለጥፎ ሲለምን ሁላችንም እንሰጣለን። የወሎ ሰው እጁ አይታጠፍም። ያ ሁሉ በመድን ይሸፈናል አልልም፤ የኩላሊት እጥበትን የመሰለው ሌላ ጣጣ አለው። ግን ለሳንባ ምች፣ ለትርፍ አንጀት ሰው ለምን ይለምን? ልጁ ሲታመም ከምንሰጠው፣ ሳይታመም እናዋጣለት።

የቅሬ ሰብሳቢዎች፣ እባካችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ መዋጮ ስትቀበሉ «የመድን ደብተርህንም አሳይ» በሉ። ያላሳደሰውን በስሙ ጥሩት። አቅም ያጣ ካለ ከቅሬው ሳጥን ይታደስለት። እኔ የእኔንም የእናቴንም ደብተር ይዤ እመጣለሁ።