ፕሮጀክተሩ በርቶ ተማሪው ዝም ሲል

ለጥምቀት ጎንደር ሰንብቼ ነበር። በዓሉ ካለፈ በኋላ ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ከእህቴ ልጅና ከጓደኞቿ ጋር ቁጭ ብለን ስለ ትምህርታቸው አወራን። ሁሉም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ከተለያየ ከተማ ለበዓሉ የመጡ። እኔ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ግዛት ዴንቨር ከተማ ኮሌጅ ስለማስተምር፣ ክላስ ውስጥ ቴክኖሎጂ ምን እንደሚሠራላቸው ማወቅ ፈለግኩ።

የሚማሩበት ግቢ ይለያያል፣ ወሬያቸው ግን አንድ ነው። መምህሩ ላፕቶፑን ከፕሮጀክተሩ ጋር ያገናኛል፣ ስላይዱን ያነባል፣ ይወጣል። ማታ የክፍል ተጠሪው ስላይዱን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለቀዋል። ፈተና ሲደርስ እሱን መሸምደድ ነው። «ጋሼ፣ መብራት ከሄደ እኮ ክላስም የለም» አለኝ አንዱ። በጣም አሳዘነኝ። እኛ በጠመኔ ስንማር መብራት መጣ ሄደ ብሎ የሚጨነቅ አልነበረም።

ውጭ ያለው ሁሉ የተሻለ ነው እያልኩ አይደለም። እዚያም ስላይድ የሚያነብ መምህር ሞልቷል። ተማሪውም ላፕቶፑን ከፍቶ የራሱን ነገር ያያል። ሙድል ወይም ካንቫስ በሚባሉት የኮርስ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሮች ላይ ንባቡ፣ የቤት ሥራውና ውጤቱ አንድ ቦታ መገኘቱ ትልቅ እፎይታ ነው። ማስተማር ግን እሱ አይደለም።

የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር ተማሪዎቹ ቀመሩን እየሠሩ ሐሳቡ እንዳልገባቸው አየ። በፈረንጆች 1991 አካባቢ ሌክቸሩን መሀል ላይ እያቋረጠ መጠየቅ ጀመረ። መጀመሪያ ተማሪው ለብቻው ይመልሳል። ከዚያ አጠገቡ ያለውን ለማሳመን ይከራከራል። ከዚያ እንደገና ይመልሳል። በዚያው በኮሎራዶ ዉድላንድ ፓርክ የሚባል ከተማ ደግሞ ሁለት የኬሚስትሪ መምህራን፣ ጆናታን በርግማንና አሮን ሳምስ፣ በፈረንጆች 2007 ትምህርታቸውን በቪዲዮ መቅረጽ ጀመሩ። መነሻቸው ከክፍል የቀሩ ልጆች ነበሩ። በኋላ ግን ገለጻው ቤት ሆነ፣ የክፍሉ ሰዓት ለሥራና ለጥያቄ ተረፈ።

ይህ ለጎንደር ባዕድ አይደለም። በጉባኤ ቤት ተማሪው የኔታ ፊት ቀርቦ የተማረውን ያሰማል፣ ይታረማል። ታላቁ ተማሪ ታናሹን ያስጠናል። ዝም ብሎ ወንበር አሙቆ መውጣት የለም። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባው የፕላዝማ ትምህርት የተቸገረው እዚህ ላይ ነው። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ ያልገባው ልጅ «ቆይ» ቢል ቴሌቪዥኑ አይሰማውም። መምህሩም ዳር ቆሞ ተመልካች ሆነ።

የአማራ ክልል የኢንተርኔት ነገር ሌላ ጣጣ ነው። በነሐሴ 2015 የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። ስለዚህ በኢንተርኔት ላይ ብቻ የቆመ ነገር አያዛልቅም። ደግነቱ ሙድል በነፃ የሚገኝ ነው። በግቢው ሰርቨር ላይ ከተጫነ የውጭ ኢንተርኔት ባይኖርም በግቢው ኔትዎርክ ይሠራል፤ ተማሪውም በአፑ ትምህርቱን ስልኩ ላይ አውርዶ ዶርም ማንበብ ይችላል። ፕሊከርስ የሚባል ደግሞ አለ፤ ተማሪው የወረቀት ካርድ ያነሳል፣ መምህሩ በአንድ ስልክ ካሜራ የሁሉንም መልስ ያነባል።

በእኔ እይታ ትልቁ ልዩነት ዕቃው ላይ አይደለም። ውጭ እኔ ኮርስ ሳዘጋጅ አጠገቤ የሚቀመጥ ባለሙያ አለ። «ይህን ቪዲዮ አሳጥረው፣ እዚህ ጋ ጥያቄ አስገባ» ይለኛል። ቀረጻው ቢበላሽ የሚያስተካክል አለ። የእኛ መምህር ግን ብቻውን ነው። ብዙ ተማሪ ተሸክሞ፣ ኑሮው ከብዶት፣ ማታ ስልኩ ላይ ቪዲዮ እንዲቀርጽ መጠበቅ ግፍ ነው። ስላይድ አነበበ ብለን ከመውቀሳችን በፊት ይህን እናስብ።

ስማርት ቦርድ ለመግዛት በጀት የያዛችሁ የግቢ ኃላፊዎች፣ የአንዱን ሰሌዳ ዋጋ ለእንዲህ ያለ ባለሙያ ደመወዝ አድርጉት። አንድ ትምህርት ክፍል ይዞ ይጀምር። ከመምህራኑ ጋር ቁጭ ብሎ ከእያንዳንዱ ስላይድ በኋላ አንድ ጥያቄ ያዘጋጅ። መብራት ቢሄድም ጥያቄው በቃል ይጠየቃል።