ሁለተኛው መስመር ለምን ተኝቶ ይውላል?

ጎንደር ውስጥ ወረፋ ይዛችሁ ቆይታችሁ «ሲስተም የለም» ስትባሉ መጀመሪያ የምትረግሙት መብራቱን ነው፣ ቀጥሎ የተቆረጠ ፋይበር። ብዙ ጊዜ ልክ ናችሁ። ግን መብራቱ እያለ፣ ለክፉ ቀን ተብሎ በየወሩ የሚከፈልበት ሁለተኛ መስመርም እያለ፣ ሲስተሙ ግማሽ ቀን የሚጠፋበት ጊዜ አለ። እሱን መብራት ላይ ማላከክ አይቻልም። የኛ የኔትወርክ ሰዎች ጣጣ ነው። ስታቲክ ራውት፣ ማለትም ለራውተር (መረጃ በየት በኩል እንደሚሄድ ለሚመራው ዕቃ) በእጅ ተጽፎ የሚሰጥ ቋሚ መንገድ፣ አልላቀን ብሏል።

አንድ ድርጅት ፒያሳ ዋና ቢሮ፣ ማራኪና አዘዞ ደግሞ ቅርንጫፍ አለው እንበል። ለሦስት ራውተር መንገዱን በእጅ መጻፍ ምንም አይደለም፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ከዚያ መጋዘን ይጨመራል፣ ሌላ ቅርንጫፍ ይከፈታል፣ ራውተሩ ሃያ ይገባል። አሁን እያንዳንዱ ራውተር ስለ እያንዳንዱ ኔትወርክ በእጅ ሊነገረው ነው። በመቶዎች የሚቆጠር የትእዛዝ መስመር ማለት ነው፤ ግማሹን የጻፈው ልጅ ደግሞ ሥራ ቀይሮ አዲስ አበባ ገብቷል።

የባሰው መስመር ሲቋረጥ ነው። ስታቲክ ራውት፣ ሌላ መከታተያ ካልተጨመረለት፣ ከራውተሩ የመንገድ ሰንጠረዥ የሚወጣው የራሱ ወደብ ሲወድቅ ብቻ ነው። በራውተሩና በፋይበሩ መካከል ስዊች (ገመዶችን የሚያገናኝ ሳጥን) ወይም ሚዲያ ኮንቨርተር (ፋይበርን ወደ መዳብ ገመድ የሚቀይር ዕቃ) ካለ (እኛ ጋ መቼ ጠፍቶ ያውቃል!) ማዶ ያለው ጫፍ ቢሞትም የወዲህኛው ወደብ አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ይቀመጣል። ራውተሩም ደህና መስሎት ፓኬቱን (የመረጃ ቁራጩን) ወደ ገደል ይለቃል። ሁለተኛው መስመር ጎኑ ላይ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። አንዱ ላስተካክል ብሎ ሁለት ራውተሮች እርስ በርስ ዲፎልት (ሌላ መንገድ ለማይታወቅለት ሁሉ የሚወሰድ መንገድ) እንዲጠቋቆሙ ካደረገ ደግሞ ጉድ ነው፦ ትሬስራውት (ፓኬት የሚያልፍባቸውን ራውተሮች በተራ የሚዘረዝር ትእዛዝ) ስትሠሩ እነዚያው ሁለት አድራሻዎች እየተፈራረቁ እስከ 30ኛው መስመር ይወርዳሉ።

ኦኤስፒኤፍ፣ ማለትም ራውተሮች እርስ በርስ ተነጋግረው መንገዱን ራሳቸው የሚያሰሉበት ፕሮቶኮል፣ ለዚህ ነው የተሠራው። ጎረቤት ራውተሮች በተለመደው ኢተርኔት ላይ በየ10 ሰከንዱ ሄሎ ይባባላሉ፤ አንዱ 40 ሰከንድ ዝም ካለ ሞቷል ተብሎ መንገዱ እንደ አዲስ ይሰላል። 40 ሰከንድ የሚበዛበት ቢኤፍዲ (የመስመር መቋረጥን በፍጥነት የሚያውቅ ፕሮቶኮል) ጨምሮ ከሰከንድ በታች ያወርደዋል። ክፍት ስታንዳርድ ስለሆነም ሲስኮው ከሁዋዌው፣ ሁዋዌው ከማይክሮቲኩ ጋር ይግባባል። ጨረታ ያሸነፈ ሁሉ የየራሱን ዕቃ ለሚያመጣበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ራውተሮች መንገዱን ራሳቸው ሲነጋገሩ «አንድ ስህተት ሁሉንም ይዞ ይወድቃል» የሚሉ አሉ፣ ውሸታቸውን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን አገር ውስጥ ልዝጋ ብሎ ያወጀው ጠባብ የአድራሻ ክልል በቢጂፒ (የኢንተርኔት ድርጅቶች መንገድ በሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል) ሾልኮ ወጣ፤ ያገናኘው ድርጅት ሳያጣራ አስተላለፈው፤ ጠባቡ ክልል ሁልጊዜ ስለሚመረጥ የዓለም የዩቲዩብ ትራፊክ ወደዚያ ነጎደ። በ2021ም ፌስቡክ በጥገና ላይ በተሰጠ አንድ ትእዛዝ ለስድስት ሰዓት ያህል ከኢንተርኔት ጠፍቷል። ታዲያ ከዚህ የሚወጣው «በእጅ እንጻፍ» ሳይሆን «እናጣራ» ነው። ተጠቃሚ የሚሰካባቸውን ወደቦች ፓሲቭ (ሄሎ የማይሉ) አድርጉ፣ ያለዚያ ላፕቶፕ የያዘ ሁሉ ጎረቤት ራውተር ሊሆን ይችላል። የይለፍ ቃል ጨምሩ። ከሁሉ በፊት ግን የአድራሻ ዕቅድ። ትእዛዙ ጥቂት መስመር ነው፣ ማንም ይጽፈዋል። አዘዞ በሙሉ በ10.20፣ ማራኪ በሙሉ በ10.30 የሚጀምር አድራሻ ተብሎ ካልተከፈለ ግን ኔትወርኩን በኤሪያ (በኦኤስፒኤፍ ክፍሎች) ብትከፋፍሉ ምን ይጠቅማል፣ በድንበሩ ላይ የሚጠቃለል ነገር የለም።

ከሩቅ ስትቀይሩ ደግሞ ሲስኮ ላይ ራውተሩ ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱን እንዲያስነሳ አስቀድማችሁ እዘዙት። ራሳችሁን ቆልፋችሁ ብትወጡ ወደተቀመጠው ኮንፊግ ይመለሳል፣ በሌሊት ወደ አዘዞ ባጃጅ ከመፈለግ ትድናላችሁ። ከተሳካላችሁ መሰረዙን አትርሱ።

የኔ ሐሳብ ለኃላፊዎች ነው። ውሉ ላይ አንድ ፈተና ይግባ፦ ርክክብ ቀን ዋናው ገመድ በሁሉም ፊት ይነቀል፣ ፒንጉ (ማዶ ያለው ዕቃ መመለሱን የሚያሳየው ሙከራ) ስክሪን ላይ ይታይ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልተመለሰ የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅ።