ግባችን ትልቅ ይሁን፣ ግን የራሳችን ይሁን

አዲስ ዓመት ሲመጣ፣ ልደት ሲደርስ ወይ ደሞ ስራ ስንቀይር አብዛኞቻችን ፕላን እናወጣለን፣ ቢዝነስ እከፍታለሁ፣ ማስተርሴን እማራለሁ፣ ቤት እሰራለሁ እንላለን፣ ከዛ ትንሽ ቆይቶ ነገሩ ሲቀዘቅዝ ሰነፍ ነኝ፣ ዲሲፕሊን የለኝም ብለን ራሳችንን እንወቅሳለን። እኔ ግን ብዙ ጊዜ ችግሩ ስንፍና አይመስለኝም። ግቡ ከመጀመሪያውም የኛ አልነበረም። ጓደኛችን ስላደረገው፣ ቤተሰብ ስለጠበቀብን፣ ሶሻል ሚዲያ ላይ አይተን ስላማረን ያነሳነው ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ።

ግባችን የራሳችን እንዲሆን መጀመሪያ ምን እንደምናስቀድም ማወቅ አለብን። ግን ትልቅ ቦታ የሚሰጠው ነገር ምን እንደሆነ የተጠየቀ ሰው ሁሉንም ይደረድራል፤ ቤተሰብ፣ እምነት፣ ነፃነት፣ ጤና፣ ስኬት፣ ሁሉም አንደኛ ነው። እንዲህ ያለ መልስ ደሞ ምንም ነገር ለመወሰን አይረዳም። ሚልተን ሮኪች የሚባል የስነ ልቦና ተመራማሪ በ1973 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ስራው ላይ ያደረገው ነገር ለዚ ነው የሚገርመኝ፣ 18 የህይወት መዳረሻ የሆኑ እሴቶችና (ልንደርስባቸው የምንፈልጋቸው) 18 የአኗኗር እሴቶች (የምንኖርባቸው መንገዶች) አቅርቦ ሰዎችን የቱን ትወዳላችሁ ብሎ አልጠየቀም፣ እያንዳንዱን ዝርዝር ከአንደኛ እስከ አስራ ስምንተኛ በደረጃ አስቀምጡ ነው ያላቸው። ሁሉም ጥሩ ነገር ነው እኮ፣ ግን አንዱ ከፍ ሲል ሌላው የግድ ዝቅ ይላል። ሻሎም ሽዋርትዝ የሚባል ሌላ የስነ ልቦና ተመራማሪም በ1992 (እ.ኤ.አ.) አስር መሰረታዊ እሴቶችን በክብ አስቀምጦ አንዳንዶቹ ፊት ለፊት የሚጋጩ መሆናቸውን አሳይቷል፤ የራስን ስኬት ማሳደድና ለቅርብ ሰዎች መኖር ብዙ ጊዜ ይጋጫሉ፣ አዲስ ነገር መሞከርና ደህንነትን መጠበቅም እንደዛው።

ስለዚ በአፋችን የምንለውን ትተን ያለፈው ወር ጊዜያችንና ገንዘባችን የት እንደገባ እንይ። ጤና ይበልጥብኛል የሚል ሰው ወሩን ሙሉ እንቅልፍ ካልተኛ፣ ወይ ለጤና የሰጠውን ደረጃ ይቀይር ወይ ኑሮውን። ሁለቱም ያማል፣ ግን ይሄን ሳያደርጉ ትልቅ ግብ ማውጣት ድካም ብቻ ነው የሚሆነው።

ይሄን ስል ግን ግባችሁን አሳንሱ እያልኩ አይደለም፣ እንደውም በተቃራኒው ነው። የስነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤድዊን ሎክና ጋሪ ሌተም ለብዙ ዓመታት ባደረጉት ጥናት በተደጋጋሚ ያገኙት ነገር፣ ከባድና በግልፅ የተቀመጠ ግብ ያለው ሰው "የቻልከውን ያህል አድርግ" ከተባለው የተሻለ እንደሚሰራ ነው። ይሄ የሚሆነው ግን ሰውየው ችሎታው ካለው፣ የት እንደደረሰ የሚያይበት ፊድባክ ካገኘና ከልቡ ከተቀበለው ነው። ለኔ ዋናው ይሄ የመጨረሻው ነው። ሌሎች የስነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ ኬነን ሼልደንና አንድሩ ኤሊየትም በ1999 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳዩት በሰው ግፊት ወይም እንዳያፍር ብሎ ከሚሮጥ ሰው ይልቅ፣ ግቡ ከገዛ ፍላጎቱና እሴቱ ጋር የሚሄድለት ሰው ነው ጥረቱን ሳያቋርጥ የሚቀጥለው። የራሳችን የሆነ ትልቅ ግብ ሲከብደንም አንለቀውም፣ የሰው ከሆነ ግን ትንሹም ይከብደናል።

ሌላ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። የትልቅ ግብን ዋጋ ብቻችንን አይደለም የምንከፍለው። ማታ ማታ የሚያጠና ወላጅ ልጆቹ ከሱ ጋር የሚያሳልፉትን ሰዓት ነው የሚወስደው፣ ቋሚ ስራውን ለቆ የራሱን የሚጀምር ሰው ደሞ የትዳር አጋሩንም ሪስክ ውስጥ ይዞ ነው የሚገባው። ስለዚ ለሌላው ሰው ከማውራታችን በፊት አብረውን ከሚኖሩት ጋር ቁጭ ብለን ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፣ ምን እንደሚቀርባቸው፣ ካልተሳካ የት ጋ እንደምናቆም በግልፅ እናውራ። እነሱ የሚሉት ነገር ፕላኑን የሚያስቀይር ከሆነም ገና ሳንጀምር መቀየሩ ይሻላል።