ስሠራበት ደህና፣ ዞር ስል ድርቅ

ዛሬ የሆዴን ካልተናገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ማርቆስ ያላችሁ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ሞጣ ያላችሁ ወገኖቼ፣ በተለይ ደግሞ ኮምፒውተር የምትጠግኑ ልጆች፣ በሞቴ እስከ መጨረሻው አንብቡኝ።

ላፕቶፔ ሥራ ላይ እያለ ጠፍቶ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ፈተና ብተይብበት፣ ሮስተር ብሞላበት፣ ፊልም ብከፍትበት ምንም አይልም። ችግሩ ዞር ስል ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምሬ ስመለስ፣ ቤትም ከሆንኩ አቦል ጠጥቼ ቶና እስኪደርስ፣ ድርቅ ብሎ ይጠብቀኛል። ማውሱ አይንቀሳቀስም። ካፕስ ሎክን ብጫነው መብራቷ አትበራም። ሴቭ ያልተደረገው ሁሉ ሄደ ማለት ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ራሱ ጠፍቶ ይነሳና ጥቁር ስክሪን ላይ በነጭ ፊደል «ኖ ቡታብል ዲቫይስ» ብሎ ይቆማል። ዲስኩን አጣሁት እያለ ነው። ፓወሩን ተጭኜ ጨርሶ ካጠፋሁት በኋላ ስከፍተው ግን ዲስኩም አለ፣ ፋይሉም አለ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል። ይህችን ነገር ያዙልኝ። ለየባለሙያው የተናገርኩት ይህንኑ ነው፤ የሰማኝ ግን አልነበረም።

የመጀመሪያው ገና ሳልጨርስ «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ» አለ። ሌላው «ሙቀት ነው፣ የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ፓስታ ደርቋል» አለኝ። የምን ሙቀት! ማርቆስ እኮ ነው ያለነው፤ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ጋቢ ለብሰን። ደግሞስ ሙቀት ቢሆን ሥራ ሲበዛበት ይጠፋ ነበር እንጂ ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ ነው? ሌላው ራሙን ነቅሎ ወርቅማ ጥርሶቹን በላጲስ ፈተገና መልሶ ሰካው። ራም በላጲስ መጥረግ አንዳንዴ ይሠራል፤ አልክድም። ራም ቢሆን ግን ሥራ ላይም ያስቸግረኝ ነበር። ባሕር ዳር ድረስም ወስጄዋለሁ። በዚህ ጊዜ ላፕቶፕ አቅፎ በእንጅባራ በኩል መሄድ ምን እንደሆነ መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። እዚያም መልሱ ያው ፎርማት ሆነ።

አንጀቴን ያሳረረው ሙከራቸው ነው። ፎርማት ያደርጋሉ፣ ይከፍቱታል፣ አንድ ዘፈን ያጫውቱበታል፣ «ይኸው ሠራ» ብለው ይሰጡኛል። አዎ፣ ይሠራል! ስትነኩት መቼ ጠፋና! የሚደርቀው ስትተዉት ነው። ጥገና ቤት ውስጥ ደግሞ ብቻውን የሚተወው የለም። ስለዚህ እነሱ ፊት አይታመምም፤ ቤቴ ሲገባ ይታመማል። ከዚያ እኔ «አጠቃቀም የማያውቅ» ተብዬ ቁጭ እላለሁ።

ፎርማት ደግሞ ለእነሱ ቀላል ነው። ለእኔ ግን ፓወር ግዕዝ እንደገና መጫን፣ ኦፊስ መፈለግ፣ ፕሪንተሩን ማስተዋወቅ ማለት ነው። አንዱ «ሲ ድራይቭን ብቻ ነው የምነካው» ብሎኝ ሌላውንም አብሮ ጠረገው። የተማሪዎቼ ውጤት እዚያ ነበር። የእናቴ የጥምቀት ፎቶዎችም እዚያ ነበሩ።

በመጨረሻ ራሴ ገባሁበት። ዊንዶውስ የገጠመውን ችግር የሚመዘግብበት ኢቨንት ቪወር ውስጥ ከርነል ፓወር 41 የሚል ቀይ ምልክት ተደርድሯል። 41 የሚነግራችሁ ኮምፒውተሩ በሥርዓቱ ሳይዘጋ እንደተነሳ ብቻ ነው፤ ምክንያቱን አይነግራችሁም። ዊንዶውስ በብሉ ስክሪን ሲወድቅ ዲስኩ ላይ የሚጽፈው ፋይልም የለም። ለምን እንደሌለ ሳስበው ነው ነገሩ የበራልኝ። ዲስኩ ራሱ ከጠፋ ዊንዶውስ ምኑ ላይ ይጽፈዋል?

ስሊፕን ዘጋሁት፤ አሁንም ደረቀ። ከዚያ በዊንዶውስ ፋንታ ኡቡንቱ የሚባለውን ሲስተም ፍላሽ ላይ ጭኜ፣ ዲስኩን ሳይጠቀም ከፍላሹ አስነሳሁትና ትቼው ተኛሁ። ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን አደረ፤ ንክች አላለውም። ራሙም ማዘርቦርዱም ጤነኛ ናቸው ማለት ነው። ዊንዶውሱ ደግሞ ስንቴ እንደ አዲስ ተጭኗል። የቀረው ጥገና ቤቱ ራሱ «ፍጥነት ይጨምራል» ብሎ የገጠመልኝ ዲስክ፣ ኤስኤስዲው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ሥራ ሲፈታ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ያሳርፋል። ኤስኤስዲውም ያርፋል። ደህናው ሲጠሩት ወዲያው ይነቃል። የእኔው ግን አንዴ ከተኛ ኃይሉ ጨርሶ ተቋርጦ ካልተመለሰ አይነቃም። «ኖ ቡታብል ዲቫይስ» ሲለን የነበረው ይህንኑ ነው!

ፓወር ኦፕሽንስ ገባሁ። ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚለው ሥር ሊንክ ስቴት ፓወር ማኔጅመንትን ኦፍ አደረግሁት። ሃርድ ዲስክ 20 ደቂቃ ቆይቶ ይጥፋ የሚለውንም ኔቨር አልኩት። ከዚያ ወዲህ ክፍል ሄጄ ስመለስ እንደተውኩት አገኘዋለሁ። ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ መብራት በየቀኑ በሚጠፋበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የኤስኤስዲው አምራች አዲስ ፈርምዌር (ዲስኩን ከውስጥ የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ካወጣ እሱን መጫን ይሻላል። እሱንም ላወርድ ሞክሬ ኔትወርኩ መሃል ላይ እየቆረጠ አስቸገረኝ። ለጊዜው ግን ይሠራል፤ ብር አልወጣበትም፣ ፋይል አልጠፋበትም።

ወንድሞቼ፣ ሙያችሁን አከብራለሁ። በጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ መብራት እየጠፋ፣ ዕቃ እየተወደደ እንደምትሠሩ አውቃለሁ። ግን ሰው ሲመጣላችሁ መጀመሪያ «መቼ ነው የሚጠፋው?» ብላችሁ ጠይቁት። ስተወው ነው ካላችሁ፣ ሳትነኩት ከፍታችሁ ተዉትና ሌላ ሥራችሁን ሥሩ፤ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ፎርማት የመጨረሻው ይሁን። ለፎርማት የምትቀበሉኝን ገንዘብ ለዚህ ብትጠይቁኝ ደስ ብሎኝ እከፍላለሁ።

እኔ አሁን የጠፋውን ውጤት ከተማሪዎቹ የፈተና ወረቀት ላይ እየለቀምኩ ሮስተሩን እንደ አዲስ እየሞላሁ ነው። አርብ ይፈለጋል።