ይድረስ ለክቡር አቶ ፐርሰንት

ባሉበት፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ኧረ ቆይ! ይቺ ትሰረዝልኝ። ደህና አይደለሁም። ልጅ ሆኜ ድሬዳዋ፣ እናቴ ለዘመድ ደብዳቤ ስታስጽፈኝ ሁሌ እንዲህ ነበር የምታስጀምረኝ፤ እጄ ለምዶበት ነው። ዛሬ ግን አሜሪካ ነው ያለሁት። የአሜሪካ ጦር ቬተራን፣ የቀድሞ ወታደር ነኝ፤ የአካል ጉዳት ክሌም አለኝ፣ በአገልግሎት ላገኘኝ ጉዳት የካሣ ጥያቄ ማለት ነው። ጉዳቴ ከመቶ ስንት እንደሆነ፣ ስንት እንደሚከፈለኝም የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ክሌም ያለው ሰው "ደህና ነኝ" ብሎ አይጽፍም። አንድ ቀን ይቺ ወረቀት ፋይሌ ውስጥ ትገባና "አመልካቹ በገዛ እጁ ደህንነቱን አረጋግጧል" ትባልብኛለች። እየቀለድኩ አይደለም፤ ደርሶብኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለምርመራ ተጠራሁ። እንቅልፍ ማጣቱን፣ ቅዠቱን፣ ብንን ማለቱን ሐኪም አይቶ ለእርስዎ ሊያሳውቅ። ቀጠሮው ጠዋት 3 ሰዓት ነው። እኔ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ነቅቻለሁ፤ ምን ልሥራ ታዲያ? ጢሜን ተላጨሁ፣ ሸሚዜን ተኮስኩ፣ ጫማዬን ሁለቴ ቦረሽኩ። ገባሁና ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ በሩን የማይበትን ወንበር መርጬ ተቀመጥኩ። ሐኪሟ ፈገግ ብላ "ሃው አር ዩ ቱዴይ?" አለችኝ።

"ፋይን፣ ታንክ ጎድ!"

ምን ልበል? ሐበሻ ነኝ። ሐበሻ እኮ ጅብ አንድ እግሩን ይዞት እንኳ "ደህና ነኝ፣ እናንተስ? ልጆች ደህና ናቸው?" ነው የሚለው። ወዲያው ኪቦርዱ ቀጭ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ከወራት በኋላ ሪፖርቱን ሳነበው "በሰዓቱ ተገኝቷል፤ ንጽሕናውና አለባበሱ የተስተካከለ ነው፤ ደህና መሆኑን ገልጿል" ይላል። ሌሊት መንቃቴ ሰዓት አክባሪነት ሆኖ ተጻፈልኝ። ስለ ወንበሩ የተባለ ነገር የለም። 30 ሰጡኝ። "እግዚአብሔር ይመስገን" ማለቴ ስንት ፐርሰንት እንዳስከፈለኝ እርስዎ ነዎት የሚያውቁት። እሱ ግን አሁንም ይመስገን።

ክቡርነትዎ፣ ዘርዎ ትልቅ እንደሆነ አውቃለሁ። አሜሪካ ነፃነቷን ካወጀች ሁለት ወር ሳይሞላት፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 26 ቀን 1776፣ በጦርነት እጁን ወይም እግሩን ላጣ ወታደር ግማሽ ደሞዙ እንዲከፈለው ጉባኤው (ኮንግረሱ) ወስኗል። ያኔ ነገሩ ቀላል ነበር። እግሩ አለ ወይ? የለም። በቃ። እርስዎ የመጡት በኋላ ነው፣ ሰውን በአስር በአስር ለመሸንሸን። ዛሬ 0 ከመቶ የሚባል እንኳ አለ። ይኸውም "አዎ ጉዳት አለብህ፣ አዎ ያመጣኸው ከእኛው ዘንድ ነው፣ ግን ምንም አይከፈልህም" ማለት ነው። ክንዴ ላይ ያለችው ጠባሳ ዜሮ ናት። ዜሮ መሆኗን የገለጸው ደብዳቤ ግን ብዙ ገጽ ነበረው።

ወደ እናቴ ልመለስ፤ ያስቸገሩኝ በዋናነት እሷ ጋ ነውና። የውጤቴ ደብዳቤ የመጣ ዕለት ደወለች።

"ስንት አመጣህ?"

"ሰባ።"

"ከስንት?"

"ከመቶ።"

"ጎበዝ! ማለፊያ ነው።" ከዚያ ትንሽ ዝም አለች። ዝምታዋን አውቀዋለሁ፤ ከስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ጀምሮ ነው የማውቀው። "ግን መቶውን ለምን አልሞላኸውም ልጄ? ምን ጎደለህ?"

አሁን ለዚች ሴትዮ፣ ነጥቡ ከፍ ባለ ቁጥር ልጅሽ ይበልጥ የተሰባበረ ነው ብዬ ላስረዳት? አልቻልኩም። ሳምንት ሳይሞላው ሰፈሩ በሙሉ 70 ማምጣቴን ሰማ። ሳምንት ሲሞላው ደግሞ ስለት ገባች። ቁልቢ ቅርባቸው አይደል፤ "ገብርኤል ሆይ፣ የልጄን መቶ ሙላልኝና ጃንጥላ አገባለሁ" ብላለች። ክቡርነትዎ፣ የእናቴና የገብርኤል ስምምነት ከያዘልኝ ምን እንደምሆን ያስቡት።

ለነገሩ ገብርኤልም ቢሆን ካልኩሌተር ሳይዝ አይዘልቀውም። ሒሳብዎ እኮ የሌላ ዓለም ነው።

ያመጣሁትን ልቁጠርልዎ። እንቅልፌ ውስጥ ትንፋሼ ስለሚቆም በጭንብል አየር የሚነፋ ማሽን አስሬ ነው የማድረው፤ ለእሱ 50። ለቅዠቱ 30። ለጆሮዬ ጩኸት 10። ለግራ ጉልበቴ 10። ከዚራ ያለ ሱቅ በደረቴ ይህን ቢደምር ያለ ወረቀት "መቶ" ይልዎታል። እርስዎ ግን 70 ነው አሉ። እንዴት? ሰውየው መጀመሪያ 100 ነው። 50ውን እናንሳለት፣ 50 ቀረው። ሠላሳው ከመቶ አይደለም፣ ከቀረችው 50 ላይ ነው፤ 15 ማለት ነው። 65 ደረስን። አሁን 35 ቀረው፤ የ35 አሥር ፐርሰንት 3 ከግማሽ፤ ሲጠጋጋ 69። 31 ቀረው፤ የእሷ አሥር ፐርሰንት 3 ናት። 72። ሁሉም ካለቀ በኋላ ደግሞ ወደ ቅርቡ አሥር ይጠጋጋል። 70።

ሎጂኩ ገብቶኛል። ሰው ከመቶ በላይ ሊጎዳ አይችልም ነው የሚሉት። ይሁን። ግን አንዴ ልብ ብለው ይዩት። በእንቅልፉና በቅዠቱ ብቻ 65 ነበርኩ። 65 ሲጠጋጋ ያው 70 ነው። ስለዚህ ጆሮዬና ጉልበቴ ምንም አላመጡም። ምርቃት ናቸው። ሽንኩርት ገዝተው ሲጨርሱ ሴትየዋ ላዩ ላይ ጣል እንደምታደርግልዎት ቃሪያ፣ እኔም ለመንግሥት አንድ ጉልበትና ሁለት ጆሮ መርቄያለሁ። ነገ ሌላ 50 የሚያወጣ መከራ ቢወርድብኝ እንኳ ከቀረችኝ 28 ላይ ግማሽ ያህሏን ይወስዱና፣ ሲጠጋጋ 90 ይሉኛል። በ90 እና በ100 መካከል ደግሞ፣ በ2025 ክፍያ፣ ለላጤ እንኳ በወር ከ1,500 ዶላር በላይ ልዩነት አለ። ያቺ የመጨረሻዋ ደረጃ ከቁልቢ ዳገት ትብሳለች።

ጆሮዬን ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ደንብዎን ሳነብ ብቻዬን ስቄያለሁ። ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ቢሰማ፣ በሁለቱም ቢሰማ፣ ወይም ጭንቅላት ውስጥ ቢሰማ 10 ፐርሰንት ነው ይላል። ይሄን የጻፈው ሰው አንድ የሚያውቀው ነገር አለ። የእኔ የት እንደሆነ እኔም አላውቀውማ። አፍጋኒስታን፣ ባግራም የጦር ሠፈር፣ ጄኔሬተር ነበር የምጠግነው። ጄኔሬተሩ እዚያ ቀረ፤ ድምፁ አብሮኝ መጣ። ድሮ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን ጨርሶ ባለቀለም መስመሮቹን ሲያወጣ የሚለቀው "ጢኢኢኢ" ትዝ ይልዎታል? እሱ ነው። ፕሮግራሙ ካለቀ ስንት ዓመቱ፣ የሚያጠፋው ሰው ጠፋ።

ማስረጃውስ? ጦር ውስጥ ሲክ ኮል መሄድ፣ አሞኛል ብሎ ሐኪም ዘንድ መቅረብ፣ ነውር ነው። ጉልበቴ አብጦ ለአለቃዬ ስነግረው መድኃኒቱ ሁሌም ሦስት ነበር። ሞትሪን ዋጥ፣ ውሃ ጠጣ፣ ካልሲ ቀይር። ዋጥኩ፣ ጠጣሁ፣ ቀየርኩ። እርስዎ ዘንድ ያልተጻፈ ሕመም አልታመመም። ሕጉ እኮ መልካም ሕግ ነው፤ ሚዛኑ ግራና ቀኝ እኩል ከሆነ ለወታደሩ ይፈረድለታል ይላል። ግን አንደኛው ሰሐን ላይ የሚቀመጥ ወረቀት ከሌለ ምኑ ይመዘናል? ጉልበቴ መጀመሪያ የተጣለው በዚህ ነው። ከ2019 ወዲህ ይግባኝ ሦስት በር አለው። አዲስ ማስረጃ ያለው በአንዱ፣ ማስረጃ የለኝም ግን ተሳስታችኋል የሚል በሌላው፣ ዳኛ አቅርቡልኝ የሚል በሦስተኛው። እኔ በመጀመሪያው ገባሁ፣ አብሮኝ ያገለገለ ልጅ ምስክርነት ይዤ። ከዚያ በኋላ ነው ያቺ አሥር የተገኘችው። ምርቃቷን ለማግኘት ስንት ወር እንደተመላለስኩ አይጠይቁኝ።

የእንቅልፉ ማስረጃ ግን ሞልቶ ተርፎ ነበር። የቴክሳሱ ጓደኛዬ "ይህ ሰው ሲያንኮራፋ ከጄኔሬተሩ በላይ ይሰማ ነበር፤ በየሌሊቱ ቡትስ እንወረውርበት ነበር" ብሎ ጽፎ ፈረመልኝ። ሚስቴም እንድትጽፍ ጠየቅኳት። አንድ አንቀጽ ይበቃል አልኳት። ሦስት ገጽ ጻፈች። ስለ ማንኮራፋቴ የሚያወራው የመጀመሪያው ገጽ ብቻ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ወደ እናቴ ተሻገረች፤ ሦስተኛው ላይ በ2017 የረሳሁት የጋብቻ በዓላችን አለ። ሁሉንም አያይዤ ላክሁት። 50 ያገኘሁት በእሷ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አንብቦ ያዘነልኝ ሰው አለ።

እስከዚያ ድረስ ስልኬ ላይ አፍጥጬ ነበር የምውለው። መተግበሪያው ክሌሙ የት እንደደረሰ ያሳያል። "ማስረጃ በማሰባሰብ ላይ" ይላል። አንድ ማክሰኞ "ውሳኔ በመዘጋጀት ላይ" አለ፤ ለሚስቴ ነገርኳት፣ ዶሮ ተሠራ። ሐሙስ ወደ "ማስረጃ በማሰባሰብ ላይ" ተመለሰ። እንደ ታክሲ ረዳት ማለት ነው። "የቀረን አንድ ሰው ነው! አንድ ሰው ብቻ!" እያለ ያስገባዎታል፤ ሲገቡ ውስጥ ያለው ሹፌሩ ብቻ ነው።

ደላላም አለ። ደላላ የሌለበት ምን ነገር አለ? "መቶ እናስገባሃለን፤ በወር የሚጨመርልህን በአምስትና በስድስት አባዝተህ ትከፍለናለህ" የሚሉ በቀን ሁለቴ ይደውላሉ። የመጀመሪያ ክሌም ለማዘጋጀት ገንዘብ መቀበል ክልክል ነው፤ እንደ አሜሪካን ሌጅዮን ያሉት የቬተራን ማኅበራት ደግሞ በነፃ ይሠሩታል። ይሄን የነገረኝ ግን እርስዎ አይደሉም፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያገኘሁት የቀድሞ ባሕር ኃይል ነው።

አንድ ቀን መጠበቂያ ክፍል ውስጥ አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ኮፍያቸው ላይ ኮሪያ ይላል። አገሬን ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው ከወንበራቸው ሊነሱ ምንም አልቀራቸውም። "ካግኒው!" አሉ። ቃኘው ማለታቸው ነው። እሳቸው ሰባተኛ ክፍለ ጦር ነበሩ፤ የእኛም ሰዎች የተመደቡት ከሰባተኛው ጋር ነበር። ዳገቱን፣ ብርዱን አወሩኝ። እግራቸው ያኔ በብርድ እንደተጎዳ ቀርቷል። ፋይላቸው ግን የለም። ጁላይ 12 ቀን 1973 ሴንት ሉዊስ ያለው መዝገብ ቤት ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን ፋይል ወድሟል፤ አብዛኛው ከ1960 በፊት ከምድር ጦር የተሰናበቱ ሰዎች ፋይል ነበር። እግራቸውን ብርድ በላው፣ ወረቀታቸውን እሳት።

"የሰው ምስክር አምጣ አሉኝ" አሉ ሳቅ እያሉ። "ምስክሮቼ አርሊንግተን መቃብር ናቸው። ቀጠሮ አስይዙልኝ አልኳቸው።"

ስማቸው ሲጠራ ክንዳቸውን ያዝኳቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ የሚቀበላቸው ሰው እንዴት ነዎት አላቸው።

"ኔቨር ቤተር!" አሉ።

ጆሮዬን ጢኢኢ አለብኝ።

ክቡርነትዎ፣ ብዙ አደከምኩዎት። ዋናው ጉዳዬ በሚቀጥለው ወር እንደገና ልንገናኝ መሆኑን ላሳውቅዎት ነው፤ በሳይነሴ። ከባግራም በፊት ጅቡቲ ነበርኩ። ድሬዳዋ ከዚያ የባቡር መንገድ ናት፤ እናቴን ሳላያት ቆሻሻ የሚቃጠልበትን ጭስ ስስብ ከርሜ ተመለስኩ። በ2022 የወጣው ሕግ ጅቡቲንም ስለጨመረ፣ ሳይነሱ ከጭሱ መምጣቱን አስረዳ አልባልም። ስንት እንደሆነ ግን መለካቱ አይቀርም።

ሚስቴ እያለማመደችኝ ነው። ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ "እንዴት አደርክ?" ትለኛለች። "ደህና" ካልኩ ቁርስ የለም። የመጀመሪያውን ሳምንት በባዶ ሆዴ ነው ሥራ የሄድኩት። ትናንት "አላደርኩም" አልኳት፤ ጨጨብሳ በማር አቀረበችልኝ። ዛሬ ጠዋት ስትጠይቀኝ ግን አፌ ቀደመኝና "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ብዬ ቁጭ።

አክባሪዎ፣
72 (ሲጠጋጋ 70)
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

የተረሳ፦ እናቴ ሰላም ብላዎታለች። ጃንጥላውን ገዝታለች።