ነፃውን ሊኑክስ ከፍሎ መግዛት ሞኝነት አይደለም

«በነፃ የሚወርድ ነገር ምን ተብሎ በገንዘብ ይገዛል?» እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚያሠራው ሊኑክስ በተነሳ ቁጥር ይህች ጥያቄ አትቀርም። ከሳይቱ ታወርዳለህ፣ ፍላሽ ላይ ታደርጋለህ፣ ትጭናለህ፣ አለቀ። ታዲያ ይህንኑ ነገር በሣጥን አሽጎ የሚሸጥ ሰው አጭበርባሪ አይደለም ወይ?

አይደለም። እንዲያውም ሣጥኑ ውስጥ መግባት ያለበት ነገር ከገባበት፣ በተለይ ለጀማሪ፣ መግዛቱ ከማውረዱ ይሻላል ባይ ነኝ።

መጀመሪያ የፈቃዱን ነገር እናጥራ። ሊኑክስ የሚተዳደርበት ጂፒኤል የተባለው ፈቃድ መሸጥን አይከለክልም። የሚለው ኮዱን አትደብቅ፣ ከአንተ የገዛው ሰው አባዝቶ ለሌላ ቢሰጥም አትከልክለው ነው። የፈቃዱ አባት ሪቻርድ ስቶልማን ራሱ በ1985 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ኢማክስ የተባለውን ፕሮግራሙን በቴፕ እየቀዳ በ150 ዶላር ይሸጥ ነበር። ኔትወርክ ያለው በነፃ ይወስዳል፣ የሌለው ከፍሎ በፖስታ ይደርሰዋል። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ግን በ1991 ሊኑክስን መጀመሪያ ሲለቅ ማንም ገንዘብ እንዳያስከፍልበት ከልክሎ ነበር። በ1992 ወደ ጂፒኤል ሲያዞረው ክልከላው ተነሳ። ያ ውሳኔ ባይኖር ኖሮ ሊኑክስ ዛሬ የደረሰበት ይደርሳል ብዬ አላምንም፤ ምክንያቱም በዚያ ዘመን ሲዲ እያባዙ፣ መጽሐፍ እያሳተሙ፣ በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጡት ነጋዴዎች ናቸው ከዩኒቨርሲቲ ግቢ አውጥተው ተራው ሰው ቤት ያስገቡት።

ሣጥኑ ውስጥ ምን ነበር? የጀርመኑን ሱሴ እንውሰድ። ሊኑክስን ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር አሰናድቶ የሚያቀርብ (እንዲህ ያለው ዝግጅት ዲስትሮ ይባላል)፣ በ1992 የተመሠረተ ድርጅት ነው፣ መቀመጫው ያኔ ኑረምበርግ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ይሸጠው የነበረው «ፕሮፌሽናል» የተባለው ሣጥን ውስጥ በርከት ያሉ ሲዲዎች፣ ዲቪዲ እና ሁለት ወፋፍራም መጽሐፍት ነበሩ። አንዱ ለተጠቃሚ፣ ሌላው ሲስተሙን ለሚያስተዳድር ሰው። ለተወሰነ ጊዜ ደግሞ ስትጭኑ ችግር ከገጠማችሁ የምትጠይቁት ሰው ነበር። ሣጥኑን ከባድ የሚያደርገው ወረቀቱ ነው፤ እኔ እንደሚገባኝ ዋጋውም እዚያው ነበር።

መጽሐፉን ቀላል ነገር አድርጎ የሚያይ ሰው ሊኑክስ ሲጭን መሀል ላይ ተጣብቆበት የማያውቅ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ያለው ኮምፒውተር አንድ ነው። ሃርድ ዲስኩን ከፋፍላችሁ ጨርሳችኋል፣ ዊንዶውሱ ሄዷል፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች። መልሱ ኢንተርኔት ላይ አለ ይባላል። በምን ልታዩት ነው? ያኔ ብዙ ኮምፒውተሮች ውስጥ የነበረው፣ በስልክ መስመር ኢንተርኔት የሚያገናኘው ሞደም ግማሽ ሥራውን ለዊንዶውስ የሚተው ዓይነት ስለነበር ሊኑክስ ላይ እሺ አይልም። ሞደሙን የሚያሠራው ድራይቨር ያለው ኢንተርኔት ላይ፣ ኢንተርኔት ለመግባት ደግሞ ሞደሙ ያስፈልጋል። ጉልበታችሁ ላይ የተዘረጋው መጽሐፍ ግን መብራት እስካለ ድረስ ይነበባል። ዛሬም ብዙ አልተለወጠም። ዋይፋዩ አልታወቅ ያለ ላፕቶፕ የያዘ ጀማሪ ያው እዚያው ነው ያለው፤ ልዩነቱ አሁን ስልክ አለው፣ እሱም ፓኬጁ ካላለቀበት ነው።

ማውረዱ ራሱም ነፃ ሆኖ አያውቅም። ሲዲ 700 ሜጋባይት ይይዛል። በ56 ኪሎቢት ሞደም፣ መስመሩ አንዴም ሳይቆረጥና ፍጥነቱ ሳይወርድ፣ ይህን ለማውረድ ወደ 28 ሰዓት ይፈጃል። በስልክ መስመር 28 ሰዓት! ያንን የስልክ ቆጣሪ ከሂሳቡ አውጥቶ «ነፃ ነው» ማለት ራስን ማታለል ነው። ኡቡንቱ የተባለው ዲስትሮ ይህን በደንብ ስለገባው ነው «ሺፕኢት» የተባለውን ነገር ያመጣው። አድራሻችሁን ትሞላላችሁ፣ ሲዲው በፖስታ ይመጣል፣ ለሲዲውም ለፖስታውም አምስት ሳንቲም አትከፍሉም። የፖስታ ሣጥን ቁጥር ያለው የአዲስ አበባ ተማሪም ከለንደን ነዋሪ እኩል ማዘዝ ይችል ነበር። ያኔም ግን የሚከፍል ሰው ነበር፣ እኛ ስላልሆንን ነው የማይታየን። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ በ1999 ታውት የተባለውን ድርጅቱን በ575 ሚሊዮን ዶላር ሸጦ ነበርና በዚያ ሀብት ነው ኡቡንቱ የተጀመረው። በ2011 ሺፕኢት ተዘጋ።

ሣጥኑን ለሣጥንነቱ እየወደድኩት እንዳይመስላችሁ። ጉድለቶቹን አውቃለሁ። ሲዲው ታትሞ ሱቅ እስኪደርስ ያረጃል፤ ተጭኖ እንዳለቀ የመጀመሪያው ሥራ የደህንነት ማሻሻያዎችን ማውረድ ነው፣ ስለዚህ ከኢንተርኔቱ አላመለጣችሁም። ሽያጩም ብዙዎቹን የዲስትሮ አዘጋጆች በእግራቸው አላቆማቸውም። የፈረንሳዩ ማንድሬክ በ2003 መጀመሪያ ላይ የኪሳራ ከለላ እስከመጠየቅ ደርሷል። ሬድ ሃት በዚያው ዓመት ሣጥኑን ትቶ ለድርጅቶች በዓመታዊ ክፍያ ድጋፍ ወደ መስጠት ዞረ፣ አላጣበትም፤ በ2019 አይቢኤም በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። በጣም ያሳዘነኝ የስላክዌር ነው። ፓትሪክ ቮልከርዲንግ ከ1993 ጀምሮ ይህን ዲስትሮ ተሸክሞ የኖረ ሰው ነው። በ2018 ግን ከሲዲው ሽያጭ ገንዘብ እየደረሰው እንዳልሆነ ራሱ በይፋ ጻፈ። ደጋፊዎቹ እሱን እየረዱ መስሏቸው ነበር የሚገዙት። ስለዚህ ስትገዙ ገንዘቡ ለማን እንደሚገባ ጠይቁ፣ ማፈር አያስፈልግም።

የሚወርደውን ነገር ደግሞ በጭፍን አትመኑ። በየካቲት 2016 የሊኑክስ ሚንት ሳይት ተጠልፎ ሰው እንዲያወርደው የተደረገው ፋይል ውስጥ የኋላ በር (ጠላፊው ተደብቆ ኮምፒውተራችሁ ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ) ተቀምጦበት ነበር። ከትክክለኛው ሳይት ገብተው የተሳሳተ ዕቃ ይዘው ወጡ ማለት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ፋይል 64 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ አለው፤ ያወረዳችሁት ላይ አስልታችሁ አዘጋጆቹ ከፈረሙበት ጋር ታመሳክሩታላችሁ። ግን እውነቱን እንነጋገር፣ ስንት ጀማሪ ነው ይህን የሚያደርገው? ከፍዬ ስገዛ የምፈልገው አንዱ ነገር ይሄ ነው፤ አንድ የሚያውቅ ሰው አመሳክሮ፣ ሞክሮ፣ «ይሠራል» ብሎ ስሙን አስይዞ እንዲሰጠኝ።

እዚህ ላይ ወደ እኛ ልምጣ። አገር ቤት ኮምፒውተራችን ሲንቀራፈፍ ኮምፒውተር ቤት ወስደን ፎርማት አስደርገን ዊንዶውስ ስናስጭን፣ ለመክፈል ዓይናችንን አናሽም። የሚጫነው አብዛኛውን ጊዜ ክራክ የተደረገ ነው። ክራኩ ውስጥ ምን እንዳለ የሚጭነው ልጅም አያውቅም፣ እኛም አንጠይቅም። ለዚያ እየከፈልን፣ ምንም ያልተሰረቀበትን ሊኑክስ በፍላሽ አዘጋጅቶ የሚሸጥ ልጅ ሲመጣ «ነፃ አይደለም እንዴ?» ብለን ፊታችንን እናጠቁራለን። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። የኡቡንቱ 24.04 ፋይል 6 ጊጋባይት ገደማ ነው። በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ይህ ራሱን የቻለ ወጪ ነው፣ የልጁ ጊዜና ዕውቀት ሳይቆጠር።

ልጁ ግን ባዶ ፍላሽ ብቻ ይዞ ከመጣ እኔም አልከፍለውም። ሱሴ መጽሐፉን እንደጨመረው እሱም የሚጨምረው ነገር ሊኖር ይገባል፣ ያለው ደግሞ ከኑረምበርግ ሊመጣ የማይችል ነገር ነው። አንድ ምሳሌ። መሥሪያ ቤቶቻችን ውስጥ ከዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር የሚወከሉበት የጋራ ሥርዓት) በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ደብዳቤዎችና ፎርሞች ሞልተዋል። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት በድሮው መጻፍ አልቀረም። አንዲት ጸሐፊ አዲስ የተጫነ ሊኑክስ ላይ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ሊብሬኦፊስ በተባለው የጽሕፈት ፕሮግራም ስትከፍተው ፊደሉ የለም፣ ገጹ በላቲን ፊደልና በምልክት ተሞልቶ ይመጣል። ፋይሉ አልተበላሸም፣ የተጻፈበት ፎንት ስለሌለ ነው። ይህን የሚነግራት ሰው አጠገቧ ከሌለ ግን «ሊኑክስ አማርኛ አይችልም» ብላ በማግስቱ ዊንዶውሷን ታስመልሳለች። አልፈርድባትም። አማርኛ ግን ይችላል፤ የአማርኛ ኪቦርዱም የዩኒኮድ ፎንቱም አሉ፣ እንዴት እንደሚበሩ የሚያሳይ ሁለት ገጽ ነው የጠፋው።

ስለዚህ የምከፍልበት ጥቅል እንዲህ ያለ ነው። የተመሳከረ ፍላሽ። በአማርኛ የታተመች ቀጭን መጽሐፍ፤ ኪቦርዱ እንዴት እንደሚበራ፣ የድሮው ደብዳቤ እንዴት እንደሚከፈት፣ ዋይፋዩ እንቢ ሲል የስልክን ኢንተርኔት በገመድ እንዴት እንደሚጠቀሙ፣ ፕሪንተሩ እንዴት እንደሚገናኝ። የቪዲዮና የድራይቨር ተጨማሪዎች እዚያው ፍላሹ ላይ፣ ዳታ ሳይቃጠል እንዲጫኑ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ስደውል ወይም በቴሌግራም ስጽፍ የሚመልስልኝ ሰው። ይህን ያዘጋጀ ሰው ዊንዶውስ ከሚጭነው እጥፍ ቢያስከፍል ተገቢ ነው። እነዚህን የማይፈልግ፣ ሊኑክስን የለመደና ጥሩ መስመር ያለው ሰው በደስታ ያውርድ፤ ለእሱ ሣጥን ትርፍ ነው።

ገንዘቡ እስከ ሠሪዎቹ እንዲደርስስ? አገር ቤት ላለ ሰው በውጭ ምንዛሪ መክፈል ቀላል አይደለም፣ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዋሽንግተንም ፍራንክፈርትም ያላችሁ ግን ካርድ በእጃችሁ ነው፤ የምትጠቀሙትን ዲስትሮ በቀጥታ ደግፉ። ለሻጮቹ ደግሞ ዴቢያን የተባለው ዲስትሮ ጥሩ ልማድ አለው። እሱ ራሱ አይሸጥም፣ የሚሸጡትን በየአገሩ ሳይቱ ላይ ይዘረዝራል፤ በሻጩ በኩል ለዴቢያን መዋጮ ማድረግ ይቻል እንደሆነም አብሮ ይጻፋል። ኮምፒውተር ቤት ያላችሁ ልጆች ይህንኑ አድርጉ። ዋጋችሁን፣ ጥቅሉ ውስጥ ያለውን፣ ከዚያም ላይ ምን ያህሉን ለማን እንደምታስተላልፉ በራችሁ ላይ ለጥፉ። እኔ መጥቼ እገዛለሁ፣ ነፃ መሆኑን እያወቅሁ።